ከግሸን አምባ እስከ ዛናዱ

የሮክ ሙዚቃ ግጥም እንደ ግጥም ሊነበብ ይገባዋልን? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ሁለት ዐይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው ወገን ቃሉ ከጊታሩና ከከበሮው ሲነጠል ገለባ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የሚወደውን ዘፋኝ ከሼክስፒር ጎን ካላስቀመጠ አይረካም። በተለይ ስለ አስማተኞች፣ ስለ ጠፉ ከተሞችና ስለ ተረት ዓለም ጦርነቶች የሚያወሩት ምናባዊ ዘፈኖች የመጀመሪያው ወገን መሣለቂያ ሆነው ኖረዋል። ሌድ ዜፕሊን የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1969 እና በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቶልኪን ልብ ወለድ የተቀዱ ነገሮችን በዘፈኖቹ ውስጥ አስገብቷል። የተረት ስም መጥራት ብቻውን ግጥም አይሆንም፤ በዚህ ከነቃፊዎቹ ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን በጅምላ ከመፍረድ አንድ ዘፈን መርጦ መመርመር ይሻላል። እኔ የመረጥሁት ዘፈን ሳያስበው ወደ ወሎ ተራሮች የሚመልሰን ነው።

ዘፈኑ «ዛናዱ» ይባላል። ረሽ የተባለው ባለ ሦስት ሰው የካናዳ ቡድን በ1977 ባወጣው ሸክላ ላይ የሚገኝ ሲሆን ርዝመቱ 11 ደቂቃ ያህል ነው። ግጥሙን የጻፈው የቡድኑ ከበሮ መቺ ኒል ፒርት (1952–2020) ነው። የሰው ድምፅ የሚሰማው ለ5 ደቂቃ ያህል መሣሪያ ብቻ ከተሰማ በኋላ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሰው ስለማይሞት ሕይወት የሚነገረውን ሹክሹክታ ሰምቶ፣ ከአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ፍንጭ አግኝቶ፣ የምሥራቅን የበረዶ ተራሮች ይወጣል። የኩብላይ ካንን የተድላ አዳራሽ ያገኛል፤ ከማሩ ጠል ይቀምሳል፤ የገነትን ወተት ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ሺህ ዓመት ያልፋል። ከዋክብት በሰማይ ቆመዋል፤ ሰውየው የዓለምን ፍጻሜ ይጠባበቃል፤ አይመጣለትም።

የግጥሙ አሠራር ቀላል ነው። በአዝማቹ መሥመሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ሁለተኛውና አራተኛው ቤት ይመታሉ። ይሁንና ፒርት አንድ ብልኀት ያውቃል። በመጀመሪያ እንደ ምኞት የተዘፈነው አዝማች በመጨረሻ ከሞላ ጎደል በዚያው ቃልና በዚያው ቤት ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ የመጨረሻው ዘላለማዊ ሰው ለመሆን የተመኘው መንገደኛ፣ በአንድ ቅጽል ለውጥ ብቻ፣ ያበደ ዘላለማዊ ሰው ሆኖ ይገኛል። ወተቱ ያው ወተት ነው፤ ማሩም ያው ማር ነው። የድሉ ቃል ሳይለወጥ ፍርድ ሆኗል። ይህን ዜማ አልሠራውም፤ ቃሉ ራሱ የሠራው ነው። ሰምና ወርቅ ያስለመደው የአገራችን አንባቢ ለእንዲህ ያለው አሠራር እንግዳ አይደለም።

አብዛኛው ምስል ግን የፒርት አይደለም። አዳራሹም፣ የተቀደሰው ወንዝም፣ የበረዶው ዋሻም፣ ማሩና ወተቱም ከሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ «ኩብላ ካን» የተወሰዱ ናቸው። ባለቅኔው እንደሚለው፣ ይህን የ54 መሥመር ግጥም በ1797 የሕመም ማስታገሻ ወስዶ፣ የሳሙኤል ፐርቸስን የጉዞዎች መጽሐፍ እያነበበ እንቅልፍ ከጣለው በኋላ በሕልም አገኘው፤ ያሳተመው በ1816 ነው። በግጥሙ መጨረሻ ላይ አንዲት የሐበሻ ልጃገረድ ትታያለች። አውታር እየመታች ስለ አንድ ተራራ ትዘፍናለች። (በእጇ ያለው በመምቻ የሚመታ ባለ ብዙ አውታር የባዕድ መሣሪያ ነው፤ ክራር ቢሰጣት በወደድሁ ነበር።) ባለቅኔው የእርሷን ዜማ በውስጡ ዳግም መቀስቀስ ቢችል ያንን አዳራሽ በአየር ላይ እንደሚሠራው ይናገራል። እንግዲህ በኮልሪጅ ዘንድ የገነት ወተት የማይሞቱበት መጠጥ ሳይሆን መንፈስ ያደረበት ገጣሚ ምልክት ነው፤ የኀይሉም ምንጭ የልጅቱ ዘፈን ነው።

ተራራው በታተመው ግጥም «አቦራ» ይባላል። ጆን ሊቪንግስተን ሎውስ የተባለው ምሁር በ1927 ከዚህ ስም በስተጀርባ የኛ «አማራ» እንዳለ ገመተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይፋ የሆነው፣ ዛሬ በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የባለቅኔው የእጅ ጽሑፍ፣ ስሙ በእርግጥ አማራ እንደ ነበረ አሳየ። ፈረንጆች «የአማራ ተራራ» ያሉት የነገሥታት ልጆች የሚጋዙበትን አምባ ነው፤ እርሱም ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጎርፉበት ግሸን ነው።

ይህ አምባ እንዴት ገነት ሆነ? ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው ስለ እስረኞች ነበር። መሳፍንቱ ዙፋን እንዳይሻሙ በጠባቂ ተከበው የሚኖሩበት ተራራ ነበርና። በ1610 ግን ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው ስፔናዊው መነኩሴ ሉዊስ ዴ ኡሬታ በአምባው ላይ ቤተ መንግሥት፣ የአትክልት ሥፍራና ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተከለበት። ፐርቸስ በ1613 ከእርሱ ቀዳ። ጆን ሚልተን በ1667 አምባውን አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት እንደሚሏት ጠቅሶ ከኤደን አሳነሳት። መጽሐፍ መጽሐፍን እየወለደ ወኅኒው የተድላ ሥፍራ ሆነ። ከዚህ ስካር የተረፈው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሰልን የ1759 «ራሴላስ» ጀግና፣ ምንም ከማይጎድልበት ሸለቆ ለመውጣት ቀዳዳ የሚፈልግ መስፍን ነው።

ፒርት ከኮልሪጅ ሲቀዳ ልጅቱን ተዋት። ተራራዋም አብራ ቀረች። ይህ ታላቅ ጉድለት ነው። ዘፋኟ ስትወጣ መንገደኛው የሚያዜመውም የሚሠራውም ነገር አጣ፤ የቀረው መጠጣት ብቻ ሆነ። በኮልሪጅ አዳራሹን በዘፈን የሚያቆም ሰው ነበር፤ በረሽ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ብቻ አለ። ዘፈኑን ከግጥሙ አሳንሼ የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ከዚሁ ጉድለት ሚልተንም ኮልሪጅም ያላገኙት ነገር ተወለደ። የሚሠራ ሰው የሌለበት ገነት ምን ይሆናል? ፒርት በግጥሙ አዳራሹን በግልጽ በስሙ ይጠራዋል፤ ቃሉ በአማርኛ ሲመለስ «ወኅኒ» ነው። ወኅኒ ደግሞ የጎንደር ነገሥታት ከግሸን በኋላ ዘመዶቻቸውን ያጋዙበት የሌላው አምባ ስም ነው። ካናዳዊው ከበሮ መቺ አልቫሬዝን ማንበቡን የሚያሳይ ነገር በግጥሙ ውስጥ የለም። የተረትን ሎጂክ እስከ ዳር ተከትሎ፣ ኡሬታ ያስጌጠውን ተራራ ወደ ቀድሞ ግብሩ መለሰው። በግሸን ግን በር ላይ ጠባቂ ነበር፤ ንጉሥ ሲሞት ከእስረኞቹ አንዱ ለዙፋን ተጠርቶ ይወርድ ነበር። በዛናዱ በር ላይ ማንም የለም። ሰውየው በገዛ እግሩ ወጥቶ የገባ ነውና፣ ስሙን ጠርቶ የሚያወርደው አይመጣም።