የሦስቱ መበለታት ድርሻ

በዛሬው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ኮሌጆች ለጀማሪ ተማሪዎች ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የጨዋታ ትምህርት ይባላል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ገበጣና ሰንጠረዥ የሚማሩበት ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአንዱ ሰው ጥቅም በራሱ ምርጫ ብቻ ሳይሆን በባልንጀራው ምርጫ ጭምር በሚወሰንበት ስፍራ ሁሉ፥ ይኸውም በገበያ፥ በጦር ሜዳ፥ በችሎትና በውርስ ክፍያ፥ ልባም ሰው እንዴት አድርጎ ሊያስብ እንደሚገባው የሚመረመርበት ትምህርት ነው። የሃንጋሪው ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን በ1928 (በዚህ ጽሕፈት ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መሠረቱን ጣለ፤ በ1944 ደግሞ ከኦስትሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ከኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር ሆኖ ትልቁን መጽሐፍ በፕሪንስተን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ እየሰፋ ሄደ።

መምህራኑ ተማሪውን ለማንቃት ከሚያነሡአቸው ምሳሌዎች አንዱ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ ነው። ሐሰተኛይቱ ሴት ሕፃኑ ለሁለት ይከፈል በተባለ ጊዜ ‹ይከፈል› አለች፤ በዚህም ተያዘች። ነገር ግን ያች ሴት ጥቂት አርቃ አስባ እንደ እውነተኛይቱ እናት ‹አትግደሉት፤ ለእርስዋ ስጡአት› ብላ ብትጮኽ ኖሮ ንጉሡ በምን ይለያቸው ነበር? ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የንጉሡን ጥበብ ለማቃለል አይደለም፤ ዳኛ የተከራካሪዎቹን ልብ ብቻ ሳይሆን ስለ ዳኛው ልብ የሚያስቡትንም ማወቅ እንዳለበት ለማሳየት ነው።

ከጥንታውያኑ ክርክሮች ሁሉ ይልቅ ግን የዚህን ትምህርት ሰዎች ያስደነቀው በአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ በሚሽና፥ ክቱቦት በተባለው ክፍል፥ በ10ኛው ምዕራፍ የሚገኘው ነው። ሚሽና በ200 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በገሊላ ይሁዳ መስፍን በተባለው መምህር እጅ የተሰበሰበ የሕግ መጽሐፍ ነው። ክቱባ ማለት ደግሞ ባል ለሚስቱ፥ ቢሞት ወይም ቢፈታት ከንብረቱ ይህን ያህል ትወስዳለች ብሎ የሚጽፍላት የጋብቻ ውል ነው።

አንድ ሰው ሦስት ሚስቶች አግብቶ ሞተ። ለአንዲቱ 100 ዙዝ፥ ለሁለተኛይቱ 200፥ ለሦስተኛይቱ 300 ዙዝ ጽፎላቸው ነበር፤ የተገኘው ንብረት ግን ከ600 ያነሰ ሆነ። ተርጓሚዎቹ እንደሚሉት ውሉ ሁሉ የተጻፈው በአንድ ቀን ስለ ሆነ ቀዳሚ ነኝ የምትል የለችም። ዙዝ የብር ገንዘብ ነው፤ በዚያው በሚሽና ሕግ 200 ዙዝ ያለው ሰው ሩት በቦዔዝ እርሻ እንደ ቃረመች የድሆችን ቃርሚያ ሊሰበስብ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በክፍያው 50 ወይም 75 ዙዝ ብቻ የሚደርሳት መበለት፥ ሌላ ሀብት ከሌላት፥ በሚመጣው መከር ከቃራሚዎች ጋር የምትቆም ናት። ክርክሩ የእንጀራ ክርክር ነበረ።

ፍርዱ እንዲህ ይላል። ንብረቱ 100 ዙዝ ከሆነ ሦስቱ እኩል ይካፈላሉ። ንብረቱ 300 ከሆነ አንዲቱ 50፥ ሁለተኛይቱ 100፥ ሦስተኛይቱ 150 ትወስዳለች። ንብረቱ 200 ከሆነ ግን ለአንዲቱ 50፥ ለሁለቱ ለእያንዳንዳቸው 75 ይሁን።

የመጀመሪያው የእኩልነት ፍርድ ነው። የመጨረሻው በተጻፈላቸው ልክ የተመጠነ ነው። መካከለኛው ግን ምንድር ነው? እኩልም አይደለም፥ በልክም አይደለም፤ በልክ ቢሆን ኖሮ ባለ 300ዋ ብቻዋን 100 ዙዝ ትወስድ ነበር። አንድ ዳኛ በአንድ ነገር ላይ በሦስት ልዩ ልዩ ሚዛን ፈረደ ማለት ነውን?

ሊቃውንቱ በዚህ ጉዳይ ብዙ ደከሙ። ፍርዱ የመምህር ናታን ነው ይባላል፤ ይሁዳ መስፍን ራሱ ግን አልተቀበለውም፥ እኩል ይካፈላሉ እንዳለ ተጽፏል። የባቢሎኑ ሊቅ ሳሙኤል፥ አንዲቱ ሴት ለሌላይቱ ክርክርዋን ትታ የጻፈችላት እንደ ሆነ ነው ብሎ ፈታው። በ11ኛው መቶ ዓመት በሞሮኮ በፋስ ያስተማረው ይስሐቅ አልፋሲ ቀደምት መምህራን በዚህ ክፍል ደክመው ፍቺውን እንዳላቀኑት አመለከተ። በ12ኛው መቶ ዓመት በግብጽ የኖረው ሙሴ ወልደ ማይሞን፥ ማንኛይቱም ከተጻፈላት በላይ ሳትወስድ እኩል ይካፈሉ ወደሚለው ሄደ። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ ሰው የአንዱ ንባብ ፍቺ መብዛቱ አያስገርመውም፤ እዚህ ግን አንድም አንድም እየተባለ ቍጥሩ ራሱ ሳይፈታ መቅረቱ ነበረ ችግሩ።

መክፈቻው በዚያው በሚሽና በሌላ ስፍራ ተቀምጦ ነበረ። ባባ መጺዓ የሚባል ክፍል አለ፤ በአራማይስጥ መካከለኛይቱ ደጅ ማለት ነው። በግእዝም አንቀጽ ደጅ ማለት ስለ ሆነ የሕግን ክፍል ደጅ ማለት ለግእዝ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ክፍል መጀመሪያ ሁለት ሰዎች አንድ ልብስ ይዘው ይቆማሉ። አንዱ ‹ሁሉ የእኔ ነው› ይላል፥ ሁለተኛው ‹እኩሌታው የእኔ ነው› ይላል። በልክ ቢከፈል ለመጀመሪያው ሁለት ሲሶ፥ ለሁለተኛው አንድ ሲሶ ይደርሰው ነበር። ሚሽና ግን ለመጀመሪያው ሦስት ሩብ፥ ለሁለተኛው አንድ ሩብ ፈረደ። በ11ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ በትሮዋ የነበረው ራሺ ምክንያቱን ገለጠው፦ እኩሌታው የእኔ ነው ያለው ሰው በቀረው እኩሌታ ላይ ክርክር የለውም፤ ለባልንጀራው ለቆለታል። ዳኛው የሚከፍለው የሚከራከሩበትን ብቻ ነው፤ እርሱንም እኩል ይከፍለዋል።

ይህንን ከመበለታቱ ነገር ጋር ያገናኙት በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት፥ ሮበርት አውማንና ሚካኤል ማሽለር ናቸው። አውማን በ1930 በፍራንክፈርት ተወለደ፤ በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ በ1956 ወደ ኢየሩሳሌም ገባ። በ2005 በጨዋታ ትምህርት ስለ ሠራው ሥራ ከቶማስ ሼሊንግ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። የመበለታቱን ክርክር ግን ልብ ያስባለው ታልሙድ ይማር የነበረው የበኵር ልጁ ነው። አባቱና ማሽለር ቍጥሩን በዚህም በዚያም ሞከሩት፥ እምቢ አላቸው። በመጨረሻ የአውማን ተማሪ የነበረው ዳዊት ሽማይድለር በ1969 ባወጣው በአንድ የከበደ ስሌት ቢያሰሉት የሚሽናው ቍጥር አንድም ሳይዛነፍ ወጣ።

የዚያ ስሌት አሳብ ሲገለጥ ይህ ነው። ከተካፋዮቹ ወገን ሁሉ እጅግ የሚበደለው የትኛው ነው ብለህ ፈልግ፤ የእርሱን ቅሬታ እስከ ተቻለ ድረስ አሳንስ፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፍ። ንብረቱ 200 ሲሆን ባለ 100ዋ ሴት ሙሉ ብትከፈል እንኳ 100 ለሁለቱ ስለሚተርፍ በዚያ 100 ላይ ማንም አይከራከራቸውም፤ ለእርስዋ ግን ያለ ክርክር የሚቀርላት ምንም የለም። 50 ብትቀበል ሁለቱ 150 ይወስዳሉ፤ እርስዋም ካልተከራከሩባት ከምንም በላይ 50፥ እነርሱም ካልተከራከሩባቸው ከ100 በላይ 50 አገኙ። 40 ቢሰጣት እርስዋ ታንሳለች፥ 60 ቢሰጣት እነርሱ ያንሳሉ፤ ሚዛኑ 50 ላይ ቆመ።

ስሌቱን የማይወድ አንባቢ ግን በልብሱ ፍርድ ብቻ ሊደርስበት ይችላል፤ የሁለቱ ሊቃውንት ትልቁ ግኝትም ይህ ነው። ባለ 100ዋና ባለ 200ዋ በአንድነት የደረሳቸው 125 ነው። ባለ 100ዋ ከ125ቱ 25 ለቃለች፤ ያ ለባልንጀራዋ ይሁን። የቀረው 100 እኩል ሲከፈል 50 እና 75 ይሆናል። ባለ 200ዋና ባለ 300ዋ በአንድነት 150 ደረሳቸው፤ ሁለቱም ሁሉ የእኔ ነው ስለሚሉ 75፥ 75 ይካፈላሉ። ንብረቱ 300 ሲሆንም ባለ 200ዋና ባለ 300ዋ 250 ይዘዋል፤ የመጀመሪያይቱ 50 ለቀቀች፥ በ200 ተከራከሩ፥ 100 እና 150 ሆነ። ሁለት ሁለቱን እያነሡ ቢመረምሩአቸው በሦስቱም ፍርድ የልብሱ ሕግ ጸንቶ ይገኛል፤ ለማንኛውም የንብረት ልክ እንዲህ የሚጸና ክፍያ አንድ ብቻ እንደ ሆነም በሒሳብ አረጋገጡ። ስለዚህ ሚዛኑ ሦስት አልነበረም፥ አንድ ነበረ።

ሚሽና ያልጻፈውንም በዚህ መንገድ ማውጣት ይቻላል። ንብረቱ 400 ቢሆን የጐደለው 200 ነው፤ ጕዳቱን እንደ 200ው ንብረት 50፥ 75፥ 75 አድርገው ቢካፈሉት ለሴቶቹ 50፥ 125፥ 225 ይደርሳቸዋል። እስከ እኩሌታው ድረስ ሰዎች ጥቅም ይካፈላሉ፥ ከእኩሌታው በላይ ጕዳት ይካፈላሉ፤ በእኩሌታው በ300 ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ።

መምህር ናታን የሽማይድለርን ስሌት ያውቅ ነበር ማለት አይገባም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሒሳብ አልነበረም። የሳሙኤልንም ትርጓሜ በዚህ ምክንያት ሽሮ መጣል ለችኩል ሰው እንጂ ለሊቅ አይገባም። ይሁን እንጂ ሦስት የተለያዩ የሚመስሉ ፍርዶችን በዚያው መጽሐፍ በተገኘ አንድ ሕግ የሚያስማማ ፍቺ ንባቡን ሳይነካ ንባቡን የሚያድን ስለ ሆነ ከቀደሙት ፍቺዎች ብዙዎቹን ይበልጣል። በጨዋታ ትምህርት መግቢያ የውርስና የዕዳ ክፍያ ሲነሣ የሦስቱ መበለታት ነገር የሚጠቀሰውም ስለዚህ ነው።

የሁለቱ ሊቃውንት ጽሑፍ የታተመው በ1985 ነው። ክፍሉን ለአባቱ ያሳየው ልጅ ግን ኅትመቱን አላየም፤ በሰኔ 1982 በሊባኖስ ጦርነት ላይ ወድቆ ነበር። ጽሑፉም ለመታሰቢያው ተሰጠ።