ወይዘሮ ኩፐርና የተዘለሉት ዓመታት

ጥቅምት 26 ቀን 2001 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ቴሌቪዥኑ ፊት ተጎልቻለሁ። ሺካጎ ገና ሌሊት ነው፤ ባራክ ኦባማ የድል ንግግሩን ያሰማል። ወደ መጨረሻው ላይ የ106 ዓመት አዛውንት አነሳ፤ የአትላንታዋን ወይዘሮ አን ኒክሰን ኩፐርን። ከዚያማ በእሳቸው ዕድሜ ክር ላይ የሴቶችን የመምረጥ መብት፣ የ1930ዎቹን የኢኮኖሚ ድቀት፣ የሞንትጎመሪን አውቶቡስ፣ ጨረቃ ላይ መውረድን እንደ ጨሌ ሰካቸው። አማረበት። ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግን ተማሪዎቼን "ተራኪው የዘለለውን ፈልጉ" እል ነበር። አመል ሆኖብኝ ፈለግሁ።

ወይዘሮዋ በ1902 (ከዚህ ወዲያ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ቴነሲ ተወለዱ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው አክስታቸው ናቸው። በ1922 የጥርስ ሐኪም አግብተው አትላንታ ገቡ፤ አራት ልጆች ወለዱ። "ተራ ሰው" መባላቸውም ሥልጣን ስላልነበራቸው እንጂ እነ ዱቦይስን በቅርብ የሚያውቁ ሴት ነበሩ።

የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ የገባው በ1920 ነው። እሳቸው ለመምረጫ ዕድሜው፣ ለ21 ዓመት፣ በ1923 ደረሱ። የተመዘገቡትስ መቼ ነው? በ1941! አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ብሎ አይታለፍም። ጆርጂያ ውስጥ መራጭ የሚከፍለው ግብር ነበር፤ ያልተከፈለው እየተጠራቀመ ይጠብቃል። የቀረው በ1945 ነው።

ተመዝግበውስ? ዋናው በር ያኔም ዝግ ነበር። በዚያ ግዛት የዴሞክራቲክ ፓርቲን የዕጩ መምረጫ ያሸነፈ ሰው ወንበሩን እንደያዘ ነው፤ ተቃዋሚው ለስሙ ያህል ነው ያለው። ያ የዕጩ መምረጫ ደግሞ ለነጮች ብቻ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 የቴክሳስን እንዲህ ያለ አሠራር ሻረ፤ የጆርጂያው በፍርድ ቤት የወደቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ኦባማ ያሸነፈው በዚሁ ፓርቲ ስም ነው። ይህን ዘለለ። አልፈርድበትም፤ በድል ሌሊት ማን የድሮ ሒሳብ ያወራርዳል? እኔ ግን ከጨሌው ይልቅ በጨሌዎቹ መካከል ያለው ባዶ ክር ነው የያዘኝ፦ ልጅ ታቅፈው፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ሌላው ሲሄድ እሳቸው ቤት የቀሩባቸው ቀናት።

በኦክቶበር 2008 ቀደም ብለው ሄደው ድምፃቸውን ሰጡ። ባላቸውንና ከአራቱ ልጆቻቸው ሦስቱን ቀብረው ነበር። ዲሴምበር 21 ቀን 2009 አረፉ፤ 108 ዓመት ሊሞላቸው 19 ቀን ሲቀረው። የሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በጃንዋሪ ነው።