ዋት በወረቀት፣ ቤዝ በጆሮ

ስለ ድሮ አምፕሊፋየር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ዋት ነው። አሜሪካ ውስጥ አምራቾች በየማስታወቂያው ዋቱን እንዳሻቸው ሲቆልሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አለካኩን በመመሪያ ወሰነው። ፉክክሩ ግን ባሰበት፤ በ1978 የፓዮኒር ኤስኤክስ-1980 በቻናል 270 ዋት ደረሰ።

በዚያው ዓመት ከለንደኑ ናድ 3020 የተባለ ትንሽ አምፕሊፋየር መጣ፤ በቻናል 20 ዋት ብቻ! ነገር ግን ከበሮው ሲመታ ለአፍታ የተጻፈበትን እጥፍ ያህል ይሰጣል፤ አስቸጋሪ ስፒከር ቢቀጠልበትም አይንበረከክም። ቤዝ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ በቅጽበት የሚደርስ ከረንት። እሱ ደግሞ የሚመጣው ከትራንስፎርመሩና ከካፓሲተሮቹ እንጂ ካርቶን ላይ ከተጻፈ ቁጥር አይደለም።

እናላችሁ፣ ዛሬም "1000 ዋት" የሚል ጽሑፍ ስታዩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቤዝ ያለው ዘፈን አስከፍታችሁ አድምጡ።