ከሰባ ሰባቱ ርሀብ የተረፉ ልጆች

የ1977 ዓ.ም. ርሀብ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በኮረምና በባቲ መጠለያዎች እርዳታ የደረሰላቸው ሕፃናት ግን «ተረፉ» ተባለ፤ ካሜራውም ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ተርፈው ምን ሆኑ? ይህን የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር ከኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርተው መልስ ሰጡ። ርሀቡ በበረታበት ወቅት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 36 ወር የነበሩት ልጆች ሲያድጉ ቁመታቸው ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ተገኘ። አንደኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ነበር፤ ሕመምም ይደጋግማቸዋል። ይህም በየዓመቱ የገቢያቸውን 5 በመቶ ገደማ ሊያሳጣቸው እንደሚችል አጥኚዎቹ አስልተዋል። በዚያ ዕድሜ የእናት ጡት ብቻውን አይበቃም፤ ልጅ ወደ እህል የሚሻገርበት ጊዜ ነው። የዚያን ጊዜ ሌማቱ ባዶ ከሆነ ዘግይቶ የደረሰ ስንዴ ነፍስ ያተርፋል እንጂ የቀረውን ዕድገት ሁሉ አይመልስም።

ከፍ ያሉት ልጆች የሚጎዱት በሌላ በኩል ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሱናሚ የኢንዶኔዥያዋን አቼ ሲመታ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን አጥኚዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ትንንሾቹ ብዙም ወደኋላ አልቀሩም። አባትም እናትም የሞቱባቸው ከ15 እስከ 17 ዓመት የነበሩት ግን ወንዶቹ ትምህርት አቋርጠው ሥራ የመግባት፣ ሴቶቹም ትዳር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። «ትልቅ ልጅ ራሱን ይችላል» የሚለው ግምት፣ እዚህም እዚያም የሚሰማ፣ ብዙ አዳጊዎችን ሳይጎዳ አልቀረም።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ትልልቆቹም ልጆች ድጋፍ እንደሚሹ በጥናት ሳይሆን በኑሮ የተረዱት ይመስላል። ከሰባ ሰባቱ ርሀብ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው፣ ርሀብ ወላጅ ካሳጣቸው ልጆች ሁለቱን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። የልጆቹ ቁጥር ሲጨምር ትዳራቸው ፈረሰ፤ እሳቸው ግን ቆሎና እንጀራ እየሸጡ ማሳደጉን ቀጠሉ። ያቋቋሙት ድርጅት ውሎ አድሮ ከምግብና ከመኝታ አልፎ ትምህርትና የሙያ ሥልጠና ጨመረ። ሥልጠናው ከእንጀራው ያነሰ እርዳታ አልነበረም፤ ለአንድ የ16 ዓመት ወላጅ አልባ ልጅ እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም።