የሶኬትና የዲቫይደር ደህንነት ማረጋገጫ፦ ሸማቹ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

በድሬዳዋ ከተማ መጋላ፣ በቀፊራ ገበያና በዙሪያው በሚገኙ ሱቆች ሶኬት፣ ስፒናና ዲቫይደር በየዕለቱ የሚሸመቱ ዕቃዎች ናቸው። የከተማው ነዋሪ ለቤቱ፣ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው አርሶ አደር ደግሞ ለመኖሪያውና ለውኃ ፓምፑ ይገዛቸዋል። ጥራታቸው ሲጓደል ውጤቱ የኮረንቲ አደጋ ወይም የእሳት ቃጠሎ ነው።

ማረጋገጫውን የሚሰጠው ማን ነው?

በኢትዮጵያ ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ምርቶችን ፈትሾ ሰርተፊኬት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። የገቢ ዕቃዎችን የጥራት ቁጥጥር የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ያከናውናል። አስገዳጅ ደረጃ የወጣለት ምርት ተስማሚነቱ ሳይረጋገጥ ወደ አገር እንዲገባ አይፈቀድም። በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ግን በዚህ ሂደት ስለማያልፍ፣ ማሸጊያው ቢያምርም ለደህንነቱ ዋስትና የለውም።

ምን ይፈተሻል?

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ ቁጥር 60884 በዘርፉ ዋነኛ መለኪያ ነው። በዚህ መሠረት ስፒናው 5,000 ጊዜ ተሰክቶ ይነቀላል። የሽቦ ማሰሪያው ሙቀት ከአካባቢው አየር ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ መጨመር የለበትም። አየሩ 35 ዲግሪ በሚደርስበት የድሬዳዋ ቀን ይህ 80 ዲግሪ ማለት ነው። ኮረንቲ ተሸካሚውን ክፍል የሚይዘው ፕላስቲክ በጋለ ሽቦ ይፈተናል፤ የሽቦው ሙቀት ለግድግዳ ሶኬት 850፣ ለተንቀሳቃሽ ዕቃ 750 ዲግሪ ነው። እሳት ቢያያዝ ሽቦው ከተነሣ በኋላ በ30 ሰከንድ ውስጥ መጥፋት ይኖርበታል።

ምልክት ሁሉ ማረጋገጫ አይደለም

ብዙ ዕቃዎች ላይ የሚታየው «ሲ ኢ» የተሰኘው የአውሮፓ ምልክት በአብዛኛው አምራቹ ራሱ የሚለጥፈው ነው። የኅብረቱ የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያም የቤት ሶኬትና ስፒናን አይመለከትም። ስለዚህ ምልክቱ ብቻውን ዕቃው በገለልተኛ ላቦራቶሪ መፈተሹን አያሳይም።

ሸማቹ ምን ይመልከት?

የአምራቹ ስም፣ የሞዴል ቁጥር፣ ቮልቴጅና አምፔር በዕቃው ላይ ሊጻፉ ይገባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚችል ዕቃ የሚሸከመው 3,520 ዋት ነው። ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህን አቅም ብቻውን ሊጨርስ ስለሚችል፣ በዲቫይደር ሳይሆን ለራሱ በተዘረጋ መስመር መሥራት አለበት። የውኃ ፓምፕ ሞተርም ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይስባል። የመሬት መስመር መያዣ ብረት የሌለው ዲቫይደር ለምጣድም ሆነ ለፓምፕ አይመረጥም።

ሰርተፊኬት ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ገጠማው አይመሰክርም። ገጠማውን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ሊሠራው ይገባል። ሸማቹም ደረሰኙን ማስቀመጥ አለበት፤ ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ ማስረጃ ይሆነዋል።