የደመራን ምሽት ከቤተሰብና ከቤት እንስሳት ጋር በጥንቃቄ ስለ ማክበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

ውድ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ የክረምቱ ዝናም ተቋርጦ ምድር በአደይ አበባ በምታጌጥበት በመስከረም ወር ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከምታከብራቸው ዐበይት በዓላት አንዱ በዓለ መስቀል ነው። በዋዜማው በየአጥቢያውና በየሰፈሩ ደመራ ይደመራል፤ ካህናቱ ይጸልያሉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይዘምራሉ፣ ሕፃናት ችቦ ይዘው ይወጣሉ። በዓሉ የደስታ በዓል ነው። ይሁን እንጂ እሳት እሳት ነውና፣ በአንድ ቅጽበት ቸልታ የአንድ ቤተሰብ ደስታ ወደ ኀዘን ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የበዓሉን ምንነት በአጭሩ ካስታወስን በኋላ፣ በደመራ ምሽት ለራሳችን፣ ለልጆቻችን፣ ለአረጋውያንና ለእንስሶቻችን ልናደርገው የሚገባንን ጥንቃቄ በዝርዝር እናያለን።

የደመራ ምንነት

ደመራ የሚለው ቃል «ደመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን መጨመርን፣ መሰብሰብን፣ አንድ ማድረግን ያመለክታል። ችቦው ከየቤቱ መጥቶ በአንድ ቦታ ይደመራል፤ ምእመናንም በዚያው ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚያስተምረው፣ የጌታችን ቅዱስ መስቀል ቆሻሻ ተከምሮበት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ተቀብሮ ከኖረ በኋላ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንግሥት እሌኒ ኪራኮስ በተባለ አረጋዊ ጠቋሚነት ወደ ስፍራው መጣች። ደመራ አስደምራ ዕጣን ጨምራ ብታቀጣጥለው፣ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ መስቀሉ ያለበትን ቦታ አመለከታት። ቁፋሮው መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መስቀሉ መጋቢት 10 ቀን ተገኝቷል።

ይህን በማሰብ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይና በብዙ ስፍራዎች መስከረም 16 ቀን ማታ፣ በአንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ መስከረም 17 ቀን ማለዳ ደመራ ይለኮሳል። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ችቦ ማብራት በመስቀል ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በነሐሴ 12 ምሽት ለደብረ ታቦር (ቡሄ) ዋዜማ፣ በብዙ ቦታም ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ ይበራል። ከዚህ በታች የተጻፈው ምክር ለእነዚህ ሁሉ ያገለግላል።

ጥንቃቄ የእምነት ማነስ ነውን?

አንዳንድ ወገኖች «የመስቀሉ በዓል ነውና ምንም አይነካንም» ሲሉ ይሰማሉ። እግዚአብሔር ጠባቂያችን መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ጌታችን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ሆኖ ራሱን እንዲወረውር ፈታኙ ባቀረበለት ጊዜ፣ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ አስተምሮናል (ማቴ. 4፥5-7)። በኦሪትም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። ስለ እሳትም በግልጽ ተጽፏል፤ እሳት ያነደደ ሰው እሳቱ ወደ እሾህ ተዛምቶ የሌላውን ነዶ ወይም እርሻ ቢያቃጥል፣ ያነደደው ሰው ይከፍላል (ዘጸ. 22፥6)። እንግዲህ መጠንቀቅ ራስንና ባልንጀራን መውደድ እንጂ እምነት ማጣት አይደለም። ጸሎቱንም ጥንቃቄውንም አንድ ላይ እንይዛለን።

ደመራው ከመቆሙ በፊት

የመጀመሪያው ነገር የቦታ ምርጫ ነው። ደመራው ከቤት፣ ከአጥር፣ ከዛፍ፣ ከተሽከርካሪና ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ ሜዳ ላይ ይቁም። የመካከሉ ምሰሶ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ሕዝቡ የሚቆምበት ርቀት ቢያንስ ከደመራው ቁመት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። በገጠር የሣር ክዳን ቤት፣ የጭድ ክምርና የእህል ነዶ ባለበት አካባቢ ደግሞ የነፋሱን አቅጣጫ ማየት ግድ ነው፤ አንዲት ብልጭታ የዓመት ልፋትን ታጠፋለችና።

ሁለተኛው የችቦው ዝግጅት ነው። መስከረም ክረምቱ ገና ያልራቀበት ወር ስለሆነ እንጨቱ ይረጥባል። ብዙ አደጋ የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ እርጥቡ ችቦ አልያያዝ ሲል ሰው ቤንዚን ያመጣል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተንሰራፍቶ፣ ገና ክብሪት ሲጫር በሩቁ ተያይዞ የለኳሹን ሰው ልብስና ፊት ያቃጥላል። በሚነድ እሳት ላይ የሚፈስስ ቤንዚን ደግሞ እስከ ጀሪካኑ ድረስ ተመልሶ ይነድዳል። ስለዚህ ቤንዚን ፈጽሞ አይቅረብ። መፍትሔው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው፤ ችቦውን ከቀናት በፊት ከጣራ ሥር ማድረቅ፣ ከተደመረ በኋላ ዝናም ቢመጣ በሸራ መሸፈን፣ በመካከሉም ደረቅ ጭራሮ ማድረግ ይበቃል። ጎማ፣ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ እንጨት ጢሳቸው መርዛማ ስለሆነ በደመራ ውስጥ አይግቡ።

ሦስተኛው፣ ውኃና አሸዋ በባልዲ ተሞልቶ በአቅራቢያ ይቀመጥ። ከአጥቢያው አስተባባሪዎችም እሳቱን ብቻ የሚጠብቁ፣ ሌላ ሥራ የሌላቸው ሁለት ወይም ሦስት አዋቂዎች ይመደቡ።

በማቀጣጠል ጊዜ

ደመራው የሚለኮሰው ጸሎቱና ቡራኬው ከተፈጸመ በኋላ፣ በአባቶች ፈቃድና ሥርዓት ነው። ከዚያ በፊት ከዳር ሆኖ ችቦ መወርወር ሥርዓቱንም ያፈርሳል፣ ሰውንም ይጎዳል። ከመለኮሱ በፊት በደመራው ውስጥ ሕፃን አለመደበቁን፣ ድመት ወይም ሌላ ትንሽ እንስሳ አለመጠለሉን በዙሪያው ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ደመራው ቀድሞ ከቆመና ካደረ ይህ ፍተሻ ይበልጥ ግዴታ ይሆናል።

ምሰሶው ወደ የት እንደሚወድቅ ለማየት ሕዝቡ የሚጋፋበት ልማድ በብዙ ቦታ አለ። የበዓሉ ቁም ነገር ግን በመስቀሉ የተገኘው መዳን እንጂ የምሰሶው አወዳደቅ አይደለም። ስለዚህ ምሰሶው እስኪወድቅ ድረስ ከተከለለው ርቀት አንለፍ።

ልጆች፣ አረጋውያንና አለባበስ

ነጠላችንና ጋቢያችን የበዓል ክብራችን ናቸው፤ ነገር ግን ስስ የጥጥ ልብስ ፈጥኖ ይያያዛል። ወደ እሳት የሚቀርብ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ በወገቡ ይታጠቅ፤ የተንዠረገገ ጫፍ አይተው። ከናይሎን የተሠራ ልብስ ሲቀልጥ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ለልጆች ለዚህ ምሽት አይመረጥም። ጫማቸውም እግርን የሚሸፍን ይሁን።

ሕፃናት ችቦ የሚይዙት ከአዋቂ ጋር ብቻ ነው። ችቦው ከፊታቸው ራቅ ብሎ ወደ ላይ ይያዝ፤ እየሮጡበት ወይም ወደ ጓደኛ እየጠቆሙበት አይጫወቱ። እያንዳንዱ ልጅ የሚጠብቀው አንድ አዋቂ በስም ይታወቅ፤ «ሁላችንም እናያቸዋለን» ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አያያቸውም ማለት ነውና። ሕዝብ በሚበዛባቸው አደባባዮች ደግሞ የወላጅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በልጁ ኪስ ይግባ፤ ብንጠፋፋ የምንገናኝበት ስፍራም አስቀድሞ ይነገር።

አስም ያለባቸው ወገኖች፣ አራስ ሕፃናትና አረጋውያን ጢሱ ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ በኩል ይቀመጡ። አልጋ ላይ ላሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ቤታቸው ሄዶ ዳቦ ቆርሶ አብሮ መዋል የበዓሉ በረከት ክፍል ነው።

ስለ ርችት

ርችት በቤተ ክርስቲያናችን የደመራ ሥርዓት ውስጥ የለም፤ ከቅርብ ዘመን ወዲህ በከተሞች የተጨመረ ነገር ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ድንጋጤና መረጋገጥ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ወደ ደመራ ርችት ይዘን አንሂድ፤ በየዓመቱ የጸጥታ አካላት የሚያወጡትንም ማሳሰቢያ እናክብር። በእጅ የሚያዘውና ለልጆች የሚገዛው ብልጭልጭ ርችት እንኳ ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት አሥር እጥፍ ነው። ያልፈነዳ ርችት መሬት ላይ ቢገኝ ማንም አያንሣው፤ ውኃ ይፍሰስበት።

እንስሶቻችንን ስለ መጠበቅ

ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ጠቢቡ ሰሎሞን አስተምሯል (ምሳ. 12፥10)። እግዚአብሔርም ነነዌን ሲምር ከሕዝቧ ጋር እንስሶቿን ቆጥሯል (ዮና. 4፥11)። እኛ በእልልታና በዝማሬ ደስ ስንሰኝ፣ ምን እንደ ሆነ የማያውቁት እንስሳት ግን በእሳቱና በጩኸቱ ይሸበራሉ።

የውሻ መስሚያ ከሰው እጅግ የላቀ ነው። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሲደነግጥ ራሱን ሊያንቅ ወይም ሊነክስ ይችላል፤ የተፈታው ደግሞ አጥር ዘልሎ ይጠፋል። ስለዚህ ገና ሳይመሽ ተመግቦና ተናፍሶ፣ ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ ክፍል ይግባ፤ መስኮቱ ይዘጋ፣ ውኃ ይቀመጥለት። ዝግ ያለ የመዝሙር ድምፅ መክፈት የውጭውን ጩኸት ያለዝብለታል። ሲደበቅ አይጎተት፣ ስለ ፈራም አይመታ። ድመቶችም እንዲሁ በቤት ይደሩ። የፈራ ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ለማግኘት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

በሬ፣ ላም፣ በግ፣ አህያና በቅሎ ደመራው ካለበት ሜዳ ርቀው፣ አስቀድመው ወደ በረታቸው ይግቡ። ለበዓሉ የተገዛው በግ በደመራው አጠገብ ታስሮ አይተው። የዶሮ ቤትና የንብ ቀፎ ባለበት ጓሮ እሳት አይነድ።

ቃጠሎ ቢያጋጥም

ልብሱ የተያያዘ ሰው መሮጥ የለበትም፤ መሮጥ እሳቱን ያባብሳል። ባለበት ይቁም፣ መሬት ላይ ይተኛ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይንከባለል። ሌላው ሰው በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይሸፍነው።

የተቃጠለው አካል ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይሁን፤ በረዶ ግን አይደረግበት። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቁ፤ ከቆዳ የተጣበቀ ልብስ ግን አይነቀል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ ወይም አመድ መቀባት ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛል። ውኃ የቋጠረው አይፈንዳ። ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፣ ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተጎዳው ሕፃን ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጸሎትና ጸበል ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነና ሊከበር እንደሚገባው መጽሐፈ ሲራክ ያስተምረናልና (ሲራ. 38)።

በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥር 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስልካችን ላይ አስቀድመን እንመዝግባቸው።

ደመራው ከነደደ በኋላ

ብዙ ምእመናን በማግሥቱ ከአመዱ ወስደው በግንባራቸው የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ። ከላይ የበረደ የሚመስል አመድ ከሥሩ እስከ ማግሥቱ ድረስ ፍም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አመዱን አዋቂ ሰው ከዳር፣ በእንጨት ገለጥ አድርጎ በርዶ ካየ በኋላ ይውሰድ፤ ሕፃናት በእጃቸው አይዛቁ፣ በባዶ እግራቸውም አይለፉበት። ፍም ወደ ቤት ይዞ መሄድም አይገባም። ጠባቂዎቹ ስፍራውን የሚለቁት እሳቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ ነው።

በውጭ ሀገር ላሉ ምእመናን

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎችም አህጉራት ያሉ አጥቢያዎች ደመራን በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በሕዝብ መናፈሻ ያከብራሉ። በዚያ ከከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ የሰበካ ጉባኤው ኃላፊነት ነው፤ ይህም ከሳምንታት በፊት ይጀመር። የደረቅ ወራት ክልከላ ካለ ደመራውን ማሳነስ ወይም በሻማና በጧፍ ማክበር በዓሉን አያጎድለውም። ጎረቤቶችንም አስቀድሞ ማሳወቅ ቤታቸውንና እንስሶቻቸውን እንዲያዘጋጁ ይረዳቸዋል፤ ስለ እምነታችንም መልካም ምስክርነት ይሆናል። በአስቸኳይ ጊዜ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ይደወላል።

ውድ አንባብያን፣ ንግሥት እሌኒ ደመራውን ያስደመረችው የተቀበረውን ሕይወት ለማግኘት ነበር። እኛም በዚያ ሕይወት መታሰቢያ ቀን የአንድ ሕፃን ፊት እንዳይቃጠል፣ የአንድ ገበሬ ክምር እንዳይጠፋ የምናደርገው ትንሽ ጥንቃቄ ከበዓሉ መንፈስ ጋር አንድ ነው። በምሽቱ መጨረሻ ከቤት የወጡት ሁሉ በደኅና ተመልሰው በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ በዓሉ ሙሉ ይሆናል። እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር!