የአጣቢዎቹ አረፋ

እስቲ ስሙኝማ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከልብስ እጥበት ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1964፣ ቦታው አድዋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። ከአሜሪካ፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክትሬታቸውን ይዘው በተመለሱ ማግስት ቀንድ አውጣ ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ይዞራሉ። ቀንድ አውጣ ምን ሊሆናቸው ብትሉ፣ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ያለ እሱ መንገድ የለውም። ከበሽተኛ ሰው የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ እልፍ ሆኖ ይወጣና ወንዝ የሚሻገረውን፣ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ኋላ አንጀትና ጉበት ላይ የሚሠራውን ግፍ ያየ ያውቀዋል።

ወንዙ ዳር ሴቶች ያጥባሉ። በሳሙና እንዳይመስላችሁ፤ በእንዶድ ነው፣ የአገሩ ሰው ሽብቲ በሚለው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። አያቴ ለነጠላዋ ከእንዶድ ሌላ አታምንም ነበር፤ ሳሙና ያጠበውን በዓይኗ ጫፍ አይታ ታልፈዋለች።

ዶክተሩ ታዲያ ያዩት ሌላ ነው። ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ ቀንድ አውጣው ሞቶ ተከማችቷል። ከፍ ብሎ ያለው ግን በሕይወት አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። በዚያ ወንዝ ስንት ትውልድ አጥቧል? ቀንድ አውጣውስ ስንት ጊዜ ሞቷል? ልብስ ሊያጥብ የወረደ ሰው ቀንድ አውጣ አይቆጥርም፤ ቀንድ አውጣ የሚቆጥር ሰውም ልብስ ማጠቢያ ዳር አይቆምም። የዚያን ቀን ሁለቱ ተገናኙ።

በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ ያዙና፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ጠብ እንድታደርግበት ለመኗት። አደረገች። ብዙም አልቆየ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፣ ደም ፈሰሳቸው፣ ሞቱ።

የቀረው የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው ተቋም፣ ዓመታት ፈጀ። ገዳዩ ሳፖኒን የሚባለው አረፋ አውጪ ሆኖ ተገኘና አንዱ ዓይነት ለማቶክሲን ተባለ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ የእንዶድን ዘር ሲያበጥሩ ኖረው ቁጥር 44ን መረጡ። አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 ውሃው በእንዶድ ሲታከም፣ በሕፃናቱ ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይሄኔ ዓለም እልል ያለ ይመስላችኋል። የለም! በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ ውጤት በቀላሉ አይታመንም፤ ምርመራ በምርመራ ላይ ተጠየቀ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ሁለቱ ሰዎች አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው።

ደግሞ ሌላ ጉድ ስሙ። ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል ፍጡር ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ ተጭኖ መጥቶ፣ የአሜሪካንን ታላላቅ ሐይቆች ወሮ ቧንቧውን ሁሉ ደፈነው። ኦሃዮ ያለው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ቢሞክርበት ድብን አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓተንትም ወጣበት።

አያቴ ይህን ብትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ፦ ያን ሁሉ እንዶድ ቧንቧ ውስጥ ሲያፈሱ፣ ልብሳቸውን በምን ያጥባሉ?